የተሰበረ የፖርሴሊን ምስል በእጅ መጠገን፦ ከሐረር ግድግዳ እስከ ድሬ ቡፌ

የፖርሴሊን ዕቃ ሲሰበር ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ከተሰበረ በኋላ ነው። ሰው ይደነግጣል፣ ስባሪውን ያነሳል፣ ሁለቱን ጠርዝ ገጠም ያደርግና «ይሄማ ይጣበቃል» ይላል። ጉዳቱ ያኔ ይጀምራል። የተሰበረ ፖርሴሊን ጠርዙ ስል ነው፤ ስል ስለሆነም በቀላሉ ይረግፋል። ጠርዝ ከጠርዝ በተፋተገ ቁጥር ዓይን የማታያት ስንጥር ትወድቃለች። ሥራው ካለቀ በኋላ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ የሚያናድዳችሁ ያ የረገፈው ቦታ ነው።

ስለዚህ ቡፌ ላይ የነበረችው ዳንሰኛ ስትወድቅ፣ ወይም ለኢድ ግድግዳው ሲራገፍ ሳህን ሲያመልጥ፣ መጀመሪያ ሰዉን ከክፍሉ አስወጡ። ልጆችም ይውጡ፣ መጥረጊያም አይግባ። ትልልቁን በእጅ ልቀሙ። ጥቃቅኑን በነጭ ወረቀት ላይ ሰብስቡት። እያንዳንዱን ስባሪ ለብቻው በሶፍት ጠቅልሉ። ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ካስቀመጣችሁት እርስ በርሱ ሲፋጭ ይከርማል። የሩዝ ፍሬ የምታክለውንም እንዳትጥሏት። የጆሮ ጫፍ ወይም የጣት ጥፍር ልትሆን ትችላለች፤ እሷን ከባዶ ከመሥራት እሷኑ መለጠፍ ይቀላል።

መጠገን ያለበት የቱ ነው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። በሙጫ የተጠገነ ፖርሴሊን የዓይን ዕቃ ነው። ምግብ አይቀርብበትም፣ ቡና አይቀዳበትም። ኤፖክሲ የሚባለው ተራ ሙጫ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል። ትኩስ ቡና ከዚያ በጣም ይበልጣል። በዚያ ላይ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ቅባትና ቆሻሻ አይጸዳም። የተሰበረ ሲኒ አጣብቆ ረከቦት ላይ መመለስ ይቅር። ፍም የሚገባበት የዕጣን ማጨሻ ከሆነማ ጨርሶ አይሞከርም።

በዚህ ነገር የሐረር ቤት ዕድለኛ ነው። በጌይ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃው ከስፌቱ ጋር ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ሌላው ደግሞ ግድግዳው ውስጥ በተሠራው ጣቄት ይቀመጣል። ብዙው ለዓይን ነው። ሙጫ የሚችለው እንዲህ ያለውን ኑሮ ነው። የድሬዎቹ ቡፌ ላይ ያሉት ፈረሶች፣ ዳክዬዎችና ተቃቅፈው የሚደንሱት ጥንዶችም እንዲሁ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለውን ምልክት እዩ። ሰማያዊ የተጠላለፉ ሁለት ጎራዴዎች ካያችሁ ተረጋጉ። የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካ ምልክት ነው። ማይሰን በ1710 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ አውሮፓ ውስጥ ጠንካራ ፖርሴሊን በመሥራት የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው። አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ስለሆነ ምልክቱ ብቻውን ሀብታም አያደርግም። ግን እስኪረጋገጥ ድረስ ሙጫ አይንካው። ዋጋ ባለው ዕቃ ላይ የቤት ጥገና ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ቀጥሎ አንዲት ቀላል ፈተና አለች። በስብራቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አሳርፉ። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ቁጭ ካለች ፖርሴሊን ነው። ወዲያው ከጠጣት ግን ከላይ አንጸባራቂ የተቀባ ተራ ሸክላ ነው። ፖርሴሊን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ከሚባሉ ማዕድናት ይሠራና ከ1,200 እስከ 1,400 ዲግሪ ገደማ ስለሚቃጠል ሰውነቱ ወደ መስታወትነት ይቀርባል። ውኃ የማይጠጣው ለዚህ ነው። ሸክላው ግን ሙጫውንም ይጠጣል። እሱን ስትጠግኑ መጀመሪያ ስስ ሙጫ ቀብታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ነው ዋናውን የምትቀቡት። ከዚህ በታች የማወራው ስለ ፖርሴሊን ነው።

«ምድጃ ውስጥ መልሶ ማቃጠልስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። የዳቦ ቤት ምድጃ ወደዚያ ሙቀት አይጠጋም። ቢጠጋም ሙጫውን አመድ ያደርገዋል።

ምን ምን ይገዛል?

ዋናው ኤፖክሲ ነው፤ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው፣ ተደባልቆ የሚጠነክረው። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ በአምስት ደቂቃ የሚይዝ ነው። ሌላው ቀስ ብሎ፣ በሰዓታት የሚይዝ ነው። ሻጩ ፈጣኑን ያነሳላችኋል። እናንተ ዘገምተኛውን ጠይቁ። ፈጣኑ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም።

ሱፐር ግሉን ለዚህ ሥራ አልወደውም። በሰከንድ ስለሚይዝ ጠማማ ከያዘ ጠማማ ነው። በጠርዙ ዙሪያም ነጭ ጭጋግ ይተዋል። የጫማ ሰሪ ማስቲሽ ደግሞ ወፍራምና ተለጣጭ ስለሆነ ገጥሞ የማያውቅ መገጣጠሚያ ይሠራላችኋል።

ሌላው ዕቃ ሁሉ በየሱቁ አለ። አሴቶን፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ምላጭ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር። ውኃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት 400፣ 600፣ 1000 እና 2000 ቁጥር ያስፈልጋል፤ እሱን መኪና ቀለም የሚቀቡት ጋ ጠይቁ። አክሬሊክ ቀለምና ቀጫጭን ብሩሽ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይገኛል። ድሬ ከሆናችሁ ታይዋን ገበያን አንድ ዙር ማለት ነው። አንድ ሳፋ አሸዋም አዘጋጁ። ለድሬ ሰው የደቻቱ ወንዝ ቅርብ ነው፤ አሸዋውን ነፍታችሁ፣ አጥባችሁ አድርቁት። ጥቅሙን ኋላ ታዩታላችሁ።

ማጠብ

በለብታ ውኃና በጥቂት ላርጎ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ሳፋው ሥር ፎጣ አንጥፉ፣ እጅ ሲያዳልጥ ያድናል። ወርቅማ ጠርዝ ወይም በእጅ የተሳለ አበባ ካለ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ በእርጥብ ጥጥ ነካ አድርጋችሁ እዩ። ቀለም ጥጡ ላይ ከወጣ ያ ቀለም ያልተቃጠለ ነው፤ እዚያ ቦታ ውኃም አሴቶንም አይድረስ። በረኪና ለማንኛውም አትጠቀሙ።

ቀድሞ ሰው አጣብቆት ከነበረ አሮጌው ሙጫ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። የጥንቱ የእንስሳት ሙጫ ሞቅ ባለ ውኃ ይለቃል። ሱፐር ግሉ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ተሸፍኖ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲያድር ይለቃል። አሮጌ ኤፖክሲም አሴቶን ውስጥ ሲቆይ ይለሰልስና በምላጭ ይላጣል። የአሴቶን እንፋሎት እሳት ይስባል። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ጠርሙሱ አይከፈት፤ ደጅ ውጡ።

በመጨረሻ ጠርዞቹን በአልኮል ጥረጉና ከዚያ በኋላ በጣት አትንኳቸው። የጣት ወዝ ሙጫ አያስይዝም።

ያለ ሙጫ መግጠም

ግማሹ ሥራ ይህ ነው። ሰው ግን ይዘለዋል።

አንድ ነጭ ፈረስ እንውሰድ። የፊት እግሩ ጉልበቱ ላይና ከኮቴው በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ ጠፍቷል። ስባሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ በቦታቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። እርሳስ በአንጸባራቂው ላይ አይጽፍም፤ ስለዚህ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥሩን እሱ ላይ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፣ ሳታፋትጉ ግጠሙ። ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ከቦታው ሲገባ እጅ ያውቀዋል፤ የነበረው መነቃነቅ ይጠፋል።

አሁን ዓይናችሁን ትታችሁ ጥፍራችሁን ተጠቀሙ። ጥፍርን በመጋጠሚያው ላይ ከወዲህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ ጎትቱ። በአንድ አቅጣጫ ከያዘ አንዱ ወገን ከፍ ብሏል ማለት ነው። ዓይን የማታየውን የፀጉር ያህል ልዩነት ጥፍር ይይዘዋል። የተጠገነ ዕቃ «ተጠግኗል» ብሎ የሚያሳብቀው በቀለሙ ሳይሆን በዚህች ከፍታ ነው።

ሳህን ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። አምስት ቦታ የተሰበረ ሳህን አራቱን አጣብቃችሁ አምስተኛው አልገባም ይላል። ክፍተቱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኗል። በሙጫ ጊዜ ይህን ማወቅ ሐዘን ነው። ሳይጣበቅ በፕላስተር ብቻ አያይዛችሁ አንድ ጊዜ ሙሉውን ገንቡት፣ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚገባ ጻፉ፣ ከዚያ አፍርሱት።

የአሸዋው ጊዜ አሁን ነው። ፈረሱን አሸዋው ውስጥ ቅበሩና የሚጣበቀው እግር ወደ ላይ እንዲቆም፣ ስባሪው በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉ። ደጋፊም ጠባቂም ሳይኖር ስባሪው ቁጭ ካለ አቀማመጡ ትክክል ነው። ከወደቀ ፈረሱን አዘንብሉት፣ እንደገና ሞክሩ። እጃችሁን ለአንድ ሰዓት ቀጥ አድርጋችሁ ልትይዙ አትችሉም፤ አሸዋ ይችላል።

ሙጫው

ፕላስተሩን አስቀድማችሁ በጣት ቁመት ቆራርጣችሁ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፉ። ጓንት አድርጉ። ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል፣ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ አውጡና በፕላስቲክ ክዳን ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ አዋህዱ። በደንብ ያልተዋሃደ ኤፖክሲ ዝንተ ዓለም እንደተልሞሰሞሰ ይቀራል።

በስቴኪኒ ጫፍ፣ በአንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ፣ ነጠብጣብ እያደረጋችሁ ቀቡ። ነጠብጣቡ ከውጭው ዳር ገባ ይበል። ሲጫን ራሱ ይስፋፋል። ብዙ ሙጫ ጠንካራ ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው። ወፍራም ሙጫ ሁለቱን ስባሪ ያራርቃል፣ ቁመቱን ይቀይራል፣ ቀጣዩ ስባሪ እንዳይገባ ያደርጋል።

አሳርፉ፣ ጫን በሉ፣ በጥፍር ፈትሹ። ከዚያ ፕላስተሩን በመጋጠሚያው ላይ በአግድም፣ ወጠር አድርጋችሁ ለጥፉ፤ አንዱን በዚህ ጎን፣ ሌላውን በተቃራኒው። እንደገና በጥፍር። ፕላስተር ራሱ ሲጎተት ስባሪውን ያንሸራትታል።

የፈረሳችን እግር ሁለት ስብራት አለበት። ዘገምተኛ ኤፖክሲ ከያዛችሁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አጣብቁ። ሙጫው ገና ስላልያዘ ኮቴው ትንሽ ዞር ካለ ጉልበቱ ላይ ማካካስ ይቻላል። ፈጣኑን ከተጠቀማችሁ ግን ከሰውነቱ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ሂዱ። ላይ የተፈጠረች ጥቂት ጥመት ታች ኮቴው ላይ ስትደርስ ፈረሱን አንካሳ ታደርገዋለች።

ፈንቅሎ የወጣውን ሙጫ ወዲያው በጥጥ አትሞዥቁት፤ መጋጠሚያው ላይ ይለቀለቃል። እንደ ማስቲካ እስኪሆን ጠብቁና በአዲስ ምላጭ ገርፉት። ንጹሕ መስመር ሆኖ ይነሳል።

የአየሩ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ሙቀት ኤፖክሲን ያፈጥነዋል። ድሬ በቀትር፣ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑት፤ በማለዳ ወይም ከመሸ ሥሩ፣ የምታዋህዱትንም አሳንሱ። ሐረር ደግሞ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በክረምት ሌሊት ብርዱ ስላለ ሙጫው ይዘገያል። እዚያ 24 ሰዓት ከተባለ ሌላ አንድ ቀን ጨምሩለት። ምንም ቢሆን ፀሐይ ላይ አታስጡት።

የጎደለውን መሙላት

የጠፋችውን የጆሮ ጫፍና ዳር ዳሩን የተሸረፈውን የምንሞላው በዚያው ኤፖክሲ ነው። የሕፃን ፓውደር ጨምሩበት፣ እንደ ሊጥ እስኪወፍር። ግን ጀርባውን አንብቡ፤ ታልክ የሚል መሆን አለበት። አንዳንዱ ፓውደር የበቆሎ ስታርች ነው፣ እሱ አይሆንም። እጅግ ትንሽ ነጭ የቀለም ዱቄት ጣል ካደረጋችሁበት ኋላ ቀለም መቀባቱን ያቀልላችኋል።

ጄሶ ለሸክላ ይሆናል፣ ለፖርሴሊን ጫፍ ግን ልፍስፍስ ነው። የመኪና ስቱኮም ቀለሙ ለነጭ አይመችም፣ በአንጸባራቂ ገጽ ላይም በደንብ አይዝም።

ጆሮውን ከሚፈለገው ትንሽ አግዝፋችሁ ቅረጹ። ጣት በአልኮል ረጠብ ካለ አይጣበቅም። የግራውን ጆሮ እያያችሁ ቅረጹ፤ ፈረሱ ጥንድ ካለው ደግሞ የጥንዱን ቀኝ ጆሮ በልጆች ፕላስቲሲን ላይ ተጭናችሁ ቅርጹን መውሰድ ትችላላችሁ። የሰው ምስል ጣት ከሆነ የጎደለው፣ ውስጡ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይግባበት፤ ያለሽቦ ሲነካ ይሰበራል። ፖርሴሊኑን ግን ለሽቦ ብላችሁ በመሰርሰሪያ አትብሱት። በቤት መሰርሰሪያ አንዱን ስብራት ሦስት የምታደርጉት እንዲህ ነው።

ከደረቀ በኋላ በምላጭ ቅረጹና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ከ400 ጀምራችሁ እስከ 2000፣ ሁልጊዜ በውኃ እያረጠባችሁ። ውኃው ብናኙን ይይዛል፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም፣ ስለዚህ አፍና አፍንጫችሁም ይሸፈን። በዙሪያው ያለውን የዕቃውን ገጽ በፕላስተር ሸፍኑት። ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂውን ይጭረዋል፣ ወርቁን ደግሞ በአንድ ጉተታ ያነሳዋል። አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

ቀለም

ነጭ አንድ አይደለም። የአንዱ ፖርሴሊን ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የሌላው ወደ ግራጫ፣ የሌላው ወደ ወተት። ከቱቦ የወጣ ነጭ ቀለም በየትኛውም ላይ ቢቀቡት እንደ ፕላስተር ይጮኻል። በስቴኪኒ ጫፍ የቡኒ፣ የሰማያዊ ወይም የቢጫ ነጥብ ጨምሩና በቁራጭ የሲኒ ስባሪ ላይ ሞክሩ። አክሬሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ደርቆ እስኪታይ አትወስኑ።

ብርሃኑን ምረጡ። በግንብ የታጠረው የአሮጌው ሐረር፣ የጁገል፣ ጠባብ መንገዶች ግድግዳ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ነጭ ካመሳሰላችሁ የግድግዳው ቀለም ዕቃው ላይ ያርፋል። ቤት ውስጥም የነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ቀይ አፈር ነጩን ሞቅ ያደርገዋል። ያ ቀይ በጨለንቆ ጦርነት፣ በ1879 ዓ.ም.፣ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ለታሪክ ግሩም ነው፣ ለቀለም ቅልቅል ግን አይመችም። ሰገነት ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ባለበት፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ።

ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ በቁራጭ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ፣ በየመሃሉ እያደረቃችሁ ቀቡ። ብሩሽ መስመር ይተዋል። የምትቀቡት የሞላችሁትን ብቻ ነው። ስንጥቁን ለመደበቅ ሲባል የደህናውን አካል ግማሽ የሚያለብስ ሰው አለ። ለጊዜው ያምራል። ግን ያ የደበቀው ዋናውን ዕቃ ነው። እኔ ቀጭን መስመር ቢታይ እመርጣለሁ።

ለማንጸባረቅ በውኃ የሚሠራ የአክሬሊክ ቫርኒሽ በቂ ነው። የዘይት ቫርኒሽ ቢጫ ይሆናል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ደግሞ ውስጡ ያለው ማሟሟያ የቀባችሁትን አክሬሊክ ያነሳዋል። የወርቅ ጠርዝ ከጎደለ፣ የወርቅ ቀለም እንደ ወርቅ እንደማያበራ ከወዲሁ እወቁት። ጃፓኖች ስብራቱን ሳይደብቁ ከዛፍ በሚገኝ ላክና በወርቅ ዱቄት የሚሠሩበት ኪንትሱጊ የሚባል ጥበብ አላቸው፤ ሳምንታት ይፈጃል። በኢንተርኔት «ኪንትሱጊ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ግን ኤፖክሲና የሚያብለጨልጭ ዱቄት ነው። ከወደዳችሁት ክፋት የለውም፣ ብቻ ለስሙ ብላችሁ አትክፈሉበት።

ወደ ቦታው ሲመለስ

የተጠገነ ሳህን በሽቦ ማንጠልጠያ አይሰቀል። የሽቦው መንጠቆዎች ጠርዙን ሌት ተቀን ስለሚስቡት አንድ ቀን በቀትር ሙጫው ይለቃል። ጣቄት ውስጥ ከኋላው ተደግፎ ይቁም፣ ወይም ከሥሩ በሚይዘው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ፈረሱንም ስታነሱት ከሆዱ ያዙት። ልጆችን ንገሯቸው፣ እግሩን ይዞ ማንሳት የለም። ከሥሩ ትንሽ ወፍራም ጨርቅ ለጥፉበት፣ ቡፌው ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳይንሸራተት።

ከድሬ ወደ ሐረር የምትወስዱት ከሆነ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት፤ ፀሐይ በመስታወት ሲገባበት ሙጫውን ለማልፈስፈስ ይበቃል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንሱ። ከእንግዲህ ሳፋ ውስጥ አይዘፈዘፍም።